ማርክ ትዌይን፦ ከፊደል ለቃሚነት እስከ ታላቅ ደራሲነት

ማርክ ትዌይን በተሰኘው የብዕር ስሙ የሚታወቀው አሜሪካዊው ደራሲ ሳሙኤል ላንግሆርን ክሌመንስ፣ መደበኛ ትምህርቱን በልጅነቱ ያቋረጠ፣ ዕውቀቱን ግን በሥራ ገበታና በቤተ መጻሕፍት ያካበተ ሰው ነበር።

ክሌመንስ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 30 ቀን 1835 በሚዙሪ ግዛት ፍሎሪዳ በተባለች መንደር ተወለደ። ለወላጆቹም ስድስተኛ ልጅ ነበር። የአራት ዓመት ልጅ ሳለ ቤተሰቡ በሚሲሲፒ ወንዝ ዳርቻ ወደምትገኘው ሐኒባል ከተማ ተዛወረ። ሚዙሪ በወቅቱ ባርነት በሕግ የተፈቀደባት ግዛት ነበረች። ሕፃኑ ክሌመንስም በአክስቱ ባል እርሻ፣ ዳንኤል የተባለ በባርነት ቀንበር ሥር የነበረ ጎልማሳ የሚነግራቸውን ተረቶች እያዳመጠ አደገ።

እ.ኤ.አ. በ1847 አባቱ ጆን ማርሻል ክሌመንስ በሳንባ ምች ሲሞት፣ የ11 ዓመቱ ልጅና ቤተሰቡ ለከፋ ችግር ተዳረጉ። ብዙም ሳይቆይ ከትምህርት ገበታው ተለይቶ በማተሚያ ቤት በተለማማጅነት ተቀጠረ። ምግብና ልብስ እንጂ ደመወዝ አልነበረውም። ከ1851 ጀምሮም በታላቅ ወንድሙ በኦሪዮን ጋዜጣ በፊደል ለቃሚነት አገለገለ፤ አጫጭር ጽሑፎችንም ማቅረብ ጀመረ። በ1853 ወደ ኒው ዮርክና ፊላዴልፊያ ተጉዞ ቀን በማተሚያ ቤት እየሠራ፣ ምሽቱን በቤተ መጻሕፍት በንባብ ያሳልፍ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1857 ሆራስ ቢክስቢ ከተባለ የእንፋሎት መርከብ መሪ ሙያውን በ500 ዶላር ክፍያ ሊማር ተስማማ። ትምህርቱ ከሴንት ሉዊስ እስከ ኒው ኦርሊንስ ያለውን የወንዙን መታጠፊያና ጥልቀት በቃል ማጥናትን የሚጠይቅ ነበር። በ1858 ታናሽ ወንድሙ ሄንሪ በመርከብ ፍንዳታ በደረሰበት ጉዳት ቢሞትበትም፣ በ1859 የመርከብ መሪነት ፈቃዱን አገኘ። ሆኖም በ1861 የተቀሰቀሰው የእርስ በርስ ጦርነት የወንዙን ጉዞ በማስተጓጎሉ ሥራውን ለመተው ተገደደ።

በ1863 በጋዜጠኝነት ላይ ሳለ የወሰደው የብዕር ስምም የመርከበኞች ቃል ሲሆን፣ 3 ሜትር ከ60 ሳንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ያለውን ውኃ ያመለክታል። ሐኒባልና ወንዙ በ1876 ለታተመው የቶም ሶየር ታሪክና በኋላ ለተከተለው የሐክልቤሪ ፊን ልብ ወለድ መነሻ ሆነዋል።

ትምህርቱን በችግር ያቋረጠው ይህ ደራሲ፣ እ.ኤ.አ. በ1907 ከኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ተቀብሎ፣ ከሦስት ዓመት በኋላ ኤፕሪል 21 ቀን 1910 በተወለደ በ74 ዓመቱ አርፏል።