ውበትን በኮምፓስ የፈለገ ሠዓሊ

አልብሬክት ዱረር የሚባለው ስመ ጥር ሠዓሊ በጀርመን አገር፥ በኑረምበርግ ከተማ፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በግንቦት 1471 ዓ.ም. ተወለደ። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው።) አባቱ ከሐንጋሪ የመጣ ወርቅ አንጥረኛ ነበረ። እናቱ ባርባራ 18 ልጆች ብትወልድም ለአካለ መጠን የደረሱላት ሦስት ብቻ ነበሩ። ልጁ በመጀመሪያ የአባቱን ሙያ ተማረ፤ ልቡ ግን ወደ ሥዕል አዘነበለ። አባቱም በከንቱ ስላለፈው የትምህርት ጊዜ ቢቆጭም፥ በ1486 ዓ.ም. ሚካኤል ቮልጌሙት ለተባለው ሠዓሊ አስረከበው። በእኛ አስተያየት ጊዜው በከንቱ አላለፈም፤ በመዳብ ላይ በስለታም ብረት ጥቃቅን መስመር መቅረጽ የአንጥረኛ እጅ የሚጠይቅ ሥራ ነውና።

ዱረር ገና ወጣት ሳለ ያኮፖ ደ ባርባሪ የሚባል የቬኒስ ሠዓሊ በልክ የተሠራ የአንድ ወንድና የአንዲት ሴት ሥዕል አሳየው። የሰው ገላ ራሱ፥ ክንዱ፥ እግሩ እርስ በርሱ በቁጥር የሚስማማ መሆኑን ዱረር ባየ ጊዜ እጅግ ተደነቀ። ሆኖም ያኮፖ ልኩ በምን ዘዴ እንደ ተገኘ ገልጦ ሊነግረው አልፈቀደም። በዚያ ዘመን የሙያ ምሥጢር እንደ ርስት የሚጠበቅ ነበረ። ዱረርም አኩርፎ አልተቀመጠም፤ የጥንቱን የሮማ የሕንፃ ሊቅ የቪትሩቪየስን ጽሑፍ እየመረመረ በራሱ መለካት ጀመረ። በ1504 ዓ.ም. በመዳብ ቀርጾ ያወጣው የአዳምና የሔዋን ሥዕል የዚህ ድካም ፍሬ ነው።

ከ1505 እስከ 1507 ዓ.ም. በቬኒስ ተቀመጠ። የርቀትን አሳሳል ምሥጢር ለመማር በፈረስ ወደ ቦሎኛ ለመሄድ አስቦ ነበር። በ1507 ዓ.ም. ደግሞ የኤውክሊድን የጂኦሜትሪ መጽሐፍ በአንድ ዱካት ገዛ። በዚያው ሰሞን አካባቢ የሠራቸው ስድስት የቋጠሮ ሥዕሎች አሉ፤ በጥቁር መደብ ላይ ነጭ ክር እንደ ሐረግ እየተጠላለፈ በአንድ መካከል ዙሪያ የሚሽከረከርባቸው፥ በየትኛውም ጎን ቢያዞሯቸው የሚመሳሰሉ ናቸው። መነሻቸው ከሌዮናርዶ ዳ ቪንቺ ወገን የወጡ ቅርጾች ናቸው።

እናቱ በሞተችበት በ1514 ዓ.ም. ሜላንኮሊያ የተባለውን ሥዕል አወጣ። ክንፍ ያላት ሴት ኮምፓስ በእጇ ይዛ በትካዜ ተቀምጣለች፤ በዙሪያዋ መጋዝ፥ መላጊያ፥ ክብ ድንጋይና ብዙ ገጽ ያለው ታላቅ ጠጣር ቅርጽ ወድቀዋል። ከግድግዳው ላይ ከ1 እስከ 16 ያሉ ቁጥሮች በአራት ረድፍ የተደረደሩበት አራት ማዕዘን አለ። አንባቢ እርሳስ አንስቶ ይሞክረው፤ የላይኛው ረድፍ 16፥ 3፥ 2፥ 13፤ ሁለተኛው 5፥ 10፥ 11፥ 8፤ ሦስተኛው 9፥ 6፥ 7፥ 12፤ የመጨረሻው 4፥ 15፥ 14፥ 1 ነው። ወደ ጎንም፥ ወደ ታችም፥ ከማዕዘን ወደ ማዕዘንም ቢደመር 34 ይሆናል። ከመካከሉ ትይዩ የሚገኙት ሁለት ሁለት ቁጥሮችም ሁልጊዜ 17 ይሆናሉ። በታችኛው ረድፍ መካከል ደግሞ 15 እና 14 ጎን ለጎን ቆመው ዓመተ ምሕረቱን ይናገራሉ።

በ1525 ዓ.ም. በኮምፓስና በማስመሪያ ስለ መለካት የጻፈውን መጽሐፍ አሳተመ። የጻፈው ሊቃውንት በሚግባቡበት በላቲን ሳይሆን በጀርመንኛ ነው፤ አንጥረኛው፥ ግንበኛው፥ አናጢው እንዲያነበው ፈልጎ ነበርና። ያኮፖ የሸሸገበትን ዓይነት ዕውቀት እሱ በአደባባይ አወጣው። ጠጣር ቅርጾች በወረቀት ላይ ተዘርግተው፥ ተቆርጠውና ታጥፈው እንደገና ጠጣር እንዲሆኑ አድርጎ አሳየ፤ ዛሬ ተማሪ ሁሉ በካርቶን የሚሠራው ይኸው ነው። ባለ አምስት ጎን ቅርጾችን እርስ በርስ ሲገጥምም በመካከላቸው ክፍተት እንደሚቀር አሳየ። ስሕተትም አልጠፋበትም። ሾጣጣ ነገር በሰያፍ ሲቆረጥ የሚወጣው ሞላላ ሁለቱ ጫፎቹ እኩል መሆናቸውን ሳያስተውል ቀርቶ፥ ሾጣጣው ወደ ታች ስለሚሰፋ ሞላላውም የሚሰፋ መስሎት የእንቁላል መስመር ብሎ ጠራው። አንደበተ ርቱዕ ስሕተት ነው እንላለን፤ ስሙን የሰጠው ያየሁ በመሰለው ቅርጽ ነውና።

በመጨረሻ ዘመኑ የሰው ገላ አንድ ፍጹም ልክ ብቻ እንደሌለው ተረዳ። ስለዚህ ወፍራሙንና ቀጭኑን፥ ረጅሙንና አጭሩን ሁሉ እየለካ አራት መጻሕፍት አዘጋጀ፤ ውበት ምን እንደ ሆነ ግን እንደማያውቅ አልሸሸገም። መጽሐፉ በማተሚያ ላይ ሳለ በሚያዝያ 6 ቀን 1528 ዓ.ም. በ56 ዓመቱ ሞተ። ሌሎች ሰዎች ተሽቀዳድመው ስለ ልክ የሚናገር መጽሐፍ ሊያወጡ ሲሉ የኑረምበርግ ምክር ቤት የዱረር ሥራ እስኪወጣ ድረስ ከለከላቸው። ሚስቱ አግኔስም በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር መጨረሻ መጽሐፉን አወጣች።