ንስር ወርቅን የመዘነው ሰው፦ ጀምስ ብሩስ፣ ወፎቻችንና መነጽሩ

ከወልድያ ወደ ላሊበላ የሚወስደውን መንገድ የምታውቁ ሰዎች አንድ ነገር ሳታዩ አልቀራችሁም። ገደሉ ጥግ ላይ መኪናው ቆም ሲል፣ ክንፉን ሳያንቀሳቅስ በዓይናችሁ ትክክል የሚንሳፈፍ ግዙፍ አሞራ። ደረቱ ዝገት የተቀባ ይመስላል፣ ጅራቱ እንደ ጦር ጫፍ ሾጠጥ ያለ ነው፣ ከመንቆሩ ሥር ደግሞ ጥቁር ጺም አለው። ብዙዎቻችን ጥንብ አንሳ ብለን እናልፈዋለን። ጺማሙ ንስር ነው፣ አጥንት ከሰማይ ላይ ጥሎ እየሰበረ የሚበላው። ዛሬ የምንተርክላችሁ ይህን ወፍ ከ250 ዓመት በፊት አገራችን ውስጥ በሚዛን መዝኖ፣ በክንድ ለክቶ ስለጻፈው ሰው ነው። (ዓመቶቹን በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምንጠቅሰው።)

ጊዜው 1770፣ ቦታው ሊማሊሞ አናት። የጀምስ ብሩስ አሽከሮች ያንን አቀበት ወጥተው ደክሟቸዋል። ፍየል አርደው፣ ሥጋውን ቀቅለው፣ ሜዳ ላይ ሊበሉ ሲሰናዱ አንድ ወፍ ቀስ ብሎ መጥቶ አጠገባቸው ያርፋል። ሰዎቹ ጮኹ፣ ሸሹ። ወፉ ግን ምንም አልመሰለውም። እግሩን ድስቱ ውስጥ ከተተ፣ አቃጠለው፣ አወጣ። ከዚያ ከትሪው ላይ የፍየሉን ጭንና ወርች አንስቶ እንደ አመጣጡ ቀስ ብሎ ሄደ። ብሩስ ተመልሶ እንደሚመጣ ሲነገረው ጠመንጃውን አጉርሶ ጠበቀ። ወፉም መጣ። አንዴ ተኮሰና ጣለው።

አሳዛኝ ነው፣ ግን በዚያ ዘመን ወፍን ማጥናት ማለት መግደል ነበር። ታሪኩን ታሪክ ያደረገው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ብሩስ ወፉን ሊያነሳ ሲሞክር እጁ ቢጫ ዱቄት በዱቄት ሆነ። ላባውን ባገላበጠ ቁጥር ዱቄቱ ይረግፋል። ክንፉን ከጫፍ እስከ ጫፍ ለካ፤ ስምንት ጫማ ከአራት ኢንች፣ በእኛ ሁለት ሜትር ተኩል ገደማ። ክብደቱን 22 ፓውንድ አለ፣ ይህም አሥር ኪሎ ነው። እዚህ ላይ ሚዛኑ ወይ እጁ ተሳስቷል፣ ምክንያቱም የዚህ ወፍ ክብደት ከሰባት ኪሎ እምብዛም አያልፍም። የክንፉ ልክ ግን ትክክል ነው። ዱቄቱም እውነት ነው፤ ይህ ወፍ ብረት ያለበት ቀይ አፈርና ጭቃ እየፈለገ ላባውን እንደሚቀባ ዛሬ በደንብ ይታወቃል። ስሙን ንስር ወርቅ ብሎ መዘገበው።

ለመሆኑ ይህ ሰው ማነው? ጀምስ ብሩስ በ1730 ስኮትላንድ ውስጥ ኪኔርድ በሚባል ርስት ተወለደ። ቁመቱ ሁለት ሜትር ሊሞላ ትንሽ የቀረው፣ ጸጉረ ቀይ፣ ድምፀ ጎላ ሰው ነበር። ሕግ ጀመረ፣ ተወው። በ1754 አገባ፣ ሚስቱ በዚያው ዓመት ፓሪስ ላይ በሳንባ ነቀርሳ ሞተችበት። ከአማቾቹ ጋር የወይን ንግድ ውስጥ ቆየ። ከዚያ ዐረብኛና ግዕዝ መማር ጀመረ፤ ሐዘን ሰውን ወዴት እንደሚወስደው አይታወቅም። በ1763 አልጀርስ ላይ የእንግሊዝ ቆንስል ሆነ። እዚያ ሳለ ሉዊጂ ባሉጋኒ የሚባል የቦሎኛ ተወላጅ ወጣት ሠዓሊ ቀጠረ። ይህን ስም ያዙት፣ እንመለስበታለን።

ከሊቢያ ጠረፍ መርከቡ ተሰብሮ ብሩስ በዋና ነው የወጣው። መሣሪያዎቹ ሰመጡ። መሣሪያ የሌለው ተጓዥ አገር አይቶ መመለስ እንጂ አገር መለካት አይችልም፣ ስለዚህ ደብዳቤ ጻፈ፣ ለመነ፣ ገዛ። የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 15ኛ የከዋክብትን ከፍታ የሚለካ ትልቅ የናስ ኳድራንት ላከለት። ከለንደን ደግሞ ቴሌስኮፖች አስመጣ፣ ከነዚህ አንዱ ከዶሎንድ ቤት ነበር። ጆን ዶሎንድ በ1758 ሁለት ዓይነት መስታወት አጣምሮ፣ በምስሉ ዳር ላይ የሚታየውን የቀለም ፍንጥቅጣቂ የሚያስቀር ሌንስ የመሥራት መብት ያስመዘገበ ሰው ነው። ዛሬ አንገታችን ላይ የምናንጠለጥለው የርቀት መነጽር ሁሉ የዚያ ሌንስ የልጅ ልጅ ነው።

ምጽዋ የገባው በመስከረም 1769 ነው። ከዚያ ወደ ደጋ ሲወጣ የታራንታ ተራራ ገጠመው። ያ ኳድራንት በቅብብል የሚሸከሙት ሰዎች ይፈልግ ነበር። ተሸካሚዎቹ ሲዝሉ ብሩስና ያሲን የሚባል ሙስሊም የጉዞ ጓደኛው ራሳቸው ተሸክመው አቀበቱን ወጡ። እኛ 700 ግራም የሚመዝን መነጽር አንገት ያሳምማል ብለን እናማርራለን!

ጎንደር የካቲት 1770 ደረሰ። ከተማው ውስጥ ፈንጣጣ ገብቶ ነበርና ሐኪም ነው ተባለ። እቴጌ ምንትዋብ ዘንድ ቀረበ፣ የወይዘሮ አስቴርን ቤተሰብ አከመ፣ በዚያም የራስ ሚካኤል ስሑልን ሞገስ አገኘ። ያዕቆብ ብለው ጠሩት። ማዕረግ አገኘ፣ ፈረስ ተቀመጠ፣ የዘመኑን ጦርነት በቅርብ አየ። ያ ዘመነ መሳፍንት የሚባተበት ጊዜ ነው። ብሩስ ከሄደ ከዓመታት በኋላ የጎንደርን ሥልጣን የያዙት የእኛው የጁዎች ናቸው፣ እሱ ግን ይህን ለማየት አልቆየም። በኅዳር 1770 ግሽ ዓባይ ደረሰ፣ ምንጩን አየ፣ ኬክሮሱን ለካ። የለካው ዛሬ ከሚታወቀው ጋር በጣም ይቀራረባል።

የዓባይ ነገር ብዙ ተወርቷል፣ እኛ ወደ ወፎቹ እንመለስ። ብሩስ የወፎቹን ስም ከራሱ አላወጣም፤ ጠየቀና ሰዎቹ የነገሩትን ጻፈ። እርኩምን እርኩም ብሎ መዘገበ፣ ሌላው ስሙ አባ ጉምባ መሆኑንም አከለ። በጤፍ ማሳ ውስጥ እየተራመደ አረንጓዴ ጢንዚዛ እንደሚለቅም አስተዋለ። ገበሬ ይህን ያውቀዋል፣ የአውሮፓ ምሁር ግን አያውቅም ነበር። ቆላ ውስጥ ደግሞ ጀርባው አረንጓዴ፣ ሆዱ ቢጫ የሆነ እርግብ አገኘ፤ ረጅም ዛፍ ላይ ሆኖ በቀትር ሙቀት ጥላ ውስጥ ዝም ብሎ የሚቀመጥ። ስሙን ዋልያ ብሎ ጻፈው። አዎ፣ ዋልያ! እኛ ዋልያ ስንል የሰሜን ተራሮች ፍየል ነው የሚመጣብን። ያም ሆነ ይህ በ1793 ለወፉ ሳይንሳዊ ስም ሲወጣለት ዋልያ የሚለው ቃል ገባበት፤ ዛሬ ትሬሮን ዋልያ ይባላል። የአማርኛው ቃል ዛሬም በዓለም የወፍ መጻሕፍት ሁሉ ላይ አለ። በእንግሊዝኛ ደግሞ የብሩስ አረንጓዴ እርግብ ይሉታል።

የመርሳና የሀብሩ ልጆች፣ ይህ ወፍ እናንተን ይመለከታል። ሾላና ዋርካ ሲያፈራ ፍሬውን ፍለጋ የሚመጣ ወፍ ነው፣ ከደጋ ይልቅ እንደ መርሳ 1600 ሜትር ገደማ ያለ አገር ይስማማዋል። ችግሩ አለመታየቱ ነው። ቅጠል መሃል ቅጠል ይሆናል። ዓይናችሁን ሳይሆን ጆሮአችሁንና የሚወድቀውን ፍሬ ተከተሉ፤ ነፋስ ሳይኖር ፍሬ ከረገፈ ላይ ሰው አለ፣ ወይም ጦጣ፣ ወይም ይህ እርግብ።

መነጽር እንግዲህ እዚህ ላይ ነው የሚያስፈልገው። ምን ዓይነት መነጽር እንግዛ ለምትሉን አጭር መልስ አለን፦ 8 በ42። ስምንቱ ስንት ጊዜ እንደሚያቀርብ ነው፣ አርባ ሁለቱ የፊት መስታወቱ ስፋት በሚሊ ሜትር። 42ን ለ8 ስታካፍሉት አምስት ሚሊ ሜትር ከሩብ ይመጣል፣ ይህ ወደ ዓይናችሁ የሚገባው የብርሃን ክብ ነው። ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ዋርካ ሥር ስትቆሙ ይህች ክብ ናት ወፉን ከቅጠሉ የምትለየው። 8 በ21 የምትባለው የኪስ መነጽር ክቧ ከሁለት ተኩል ሚሊ ሜትር ትንሽ ብቻ ነው የምትበልጠው፤ በቀትር ታሳያለች፣ በማለዳ ታጨልማለች። የሚያቀርብ ይሻላል ብላችሁ 12 ወይም 16 ብትይዙ የእጃችሁ ንዝረትም አብሮ ይባዛል። ሀብሩ ቆላ ላይ ደግሞ ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ የመሬቱ ትኩሳት አየሩን ያናውጠዋል፣ ያን ጊዜ ትልቅ ማጉላት የሚያጎላው ትኩሳቱን ነው።

እኛ ራሳችን ተታለን እናውቃለን። አንድ ሱቅ ውስጥ ላዩ ላይ በመቶ የሚቆጠር ማጉሊያ የተጻፈበት መነጽር አይተን፣ ቁጥሩ ስቦን ገዛን። ቤት መጥተን ስናይበት የጎረቤት ቆርቆሮ ሁለት ሆኖ ታየን። ሁለቱ ቱቦዎች አልተገጣጠሙም ማለት ነው፤ ራስ ምታቱ ሁለት ቀን ቆየ። ስለዚህ ሳትከፍሉ ሞክሩ። ሱቁ በር ላይ ቁሙና ሩቅ ያለ የመብራት ምሰሶ እዩ፤ አንድ ምሰሶ አንድ ሆኖ መታየት አለበት። ከዚያ መነጽሩን በክንዳችሁ ርቀት ይዛችሁ የዓይን መስታወቱን ተመልከቱ፤ የብርሃኗ ክብ ሙሉ ክብ ከሆነች ጥሩ፣ ጠርዟ ከተቆረጠ ውስጡ ርካሽ ነው። ሐኪም ያዘዘው መነጽር የምታደርጉ ሰዎች የዓይን ማረፊያው 15 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ መሆኑን ጠይቁ። ፀሐይን በፍጹም በመነጽር አትዩ፣ ለልጆችም ሳትነግሩ አትስጡ።

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ አለ፣ ሳንናገረው ማለፍ አንፈልግም። በአካባቢያችን በዚህ ጊዜ መነጽር አንግቶ ኮረብታ ላይ መቀመጥ ጥያቄ ያስነሳል፤ ጥያቄው ደግሞ አደገኛ ሊሆን ይችላል። አገር ሰላም ካልሆነ አትውጡ፣ ስትወጡም ለቀበሌና ለመንደሩ ሽማግሌ ተናግራችሁ፣ ብቻችሁን ሳትሆኑ ውጡ። ከካምፕ፣ ከኬላና ከድልድይ አጠገብ መነጽር አታውጡ። ወፉ ነገም አለ።

ወደ ሰውየው እንመለስ። ብሩስ በታኅሣሥ 1771 መጨረሻ ከጎንደር ወጥቶ በስናር በኩል ተጓዘ። የኑቢያ በረሃ ሊጨርሰው ነበር፣ ግመሎቹ አለቁ፣ ያንን ሁሉ የተሸከመውን ኳድራንትና ቴሌስኮፕ አሸዋ ላይ ጥሎ በእግሩ አስዋን ደረሰ። ደርሶም አልተኛም፤ ግመል ተከራይቶ ተመልሶ ዕቃውን አነሳ።

አገሩ በ1774 ሲገባ ግን የጠበቀው ሳቅ ነው። ሰዎች ጥሬ ሥጋ ይበላሉ ሲላቸው ለንደኖች ውሸታም አሉት። ወልድያ ላይ ቁርጥ ቤት ወስደን ብናሳያቸው ጥሩ ነበር! እርግጥ ነው፣ ቆሞ ከሚሄድ በሬ ላይ ሥጋ ሲቆረጥ አየሁ ያለው ነገር እስከዛሬ ያከራክራል። ያመጣው ግን ቀላል አልነበረም፤ አውሮፓ ሙሉውን አጥታው የነበረችውን፣ የእኛ ቤተ ክርስቲያን ግን ከእጇ ያልለቀቀችውን መጽሐፈ ሄኖክን ጨምሮ የግዕዝ ብራናዎች፣ ሥዕሎች፣ የዕፅዋት ዘሮች። የተቅማጥ መድኃኒት የሆነውን ዋጊኖስን የገለጸው እሱ ነውና የተክሉ ሳይንሳዊ ስም ብሩሲያ ተባለ። ሰውየው ተቀይሞ ርስቱ ላይ ገባ፣ ዳግም አገባ፣ ሁለተኛዋም ሚስቱ በ1785 ሞተችበት። መጽሐፉ የወጣው በ1790 ነው፣ አምስት ቅጽ ሆኖ። አምስተኛው ስለ እንስሳትና ዕፅዋት ነው፤ ንስር ወርቅ፣ እርኩም፣ ዋልያ ሁሉ እዚያ አሉ።

አሁን ባሉጋኒን አስታውሱ። ያ ወጣት ሠዓሊ ጎንደር ላይ በ1771 መጀመሪያ ሞተ። ወደ ግሽ በተደረገው ጉዞ አብሮ እንደነበር የራሱ ማስታወሻ ያሳያል። ብሩስ ግን መጽሐፉ ላይ ግሽ የደረሰውን እርሱን ብቻ አስመሰለ፣ ሥዕሎቹንም የእኔ እጅ ሥራ አለ። በ1618 ግሽ የደረሰውን ፔድሮ ፓኤዝንም አላየም ብሎ ተከራከረ። አላመኑኝም ብሎ ዕድሜውን ሙሉ ያዘነ ሰው የሌላውን ዓይን ሲክድ ማየት ያሳፍራል። የሚያስገርመው፣ ላባ ሲቆጥር እንዲህ አልነበረም። ወፍ ላይ ታማኝ፣ ሰው ላይ ስስታም።

ሚያዝያ 27 ቀን 1794 ኪኔርድ ላይ አንዲት እንግዳ ሴት ወደ ሠረገላዋ ሊሸኝ ሲጣደፍ ከደረጃው ላይ ወድቆ ሞተ። ታራንታንና ሊማሊሞን የወጣ ሰው የገዛ ቤቱ ደረጃ ጣለው።

ንስሩ ግን ዛሬም ይበራል፣ ቁጥሩ እየቀነሰ ቢሆንም። ብሩስ ራሐማ ብሎ የጻፈው ነጩ ጥንብ አንሳ ከ2007 ጀምሮ በዓለም ደረጃ ለመጥፋት ከተቃረቡት ተመድቧል። ከአውሮፓና ከመካከለኛው ምሥራቅ ተነስቶ ክረምቱን አፋር ላይ የሚያሳልፈው ብዙ ነው፣ ከሀብሩ ምሥራቃዊ ወሰን ማዶ ማለት ነው። ለጅብና ለውሻ ተብሎ ሥጋ ላይ የሚደረግ መርዝና የኤሌክትሪክ ሽቦ ይፈጁታል። ለጅብ ብላችሁ መርዝ የምታደርጉ ካላችሁ፣ በማግሥቱ ሬሳው ዙሪያ ስንት አሞራ እንደወደቀ ቁጠሩና ጻፉልን። መርሳ አካባቢ አረንጓዴውን እርግብ ያየም ቀኑን፣ የዛፉን ዓይነትና ስንት እንደነበሩ ይላክልን፤ በስልክ የተነሳ ፎቶ ቢደበዝዝም ግድ የለም።