ሎርድ ብሩምና የአውራጃው ችሎት

ሄንሪ ብሩም በ1778 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር) በኤድንበርግ ከተማ ተወለደ። በእርሱ ዘመን በብዙው የእንግሊዝ አውራጃ ትንሽ ዕዳ ለማስመለስ የሚከፈለው ኪሣራ ከዕዳው ይበልጥ ስለ ነበር ድኻው ባለገንዘብ መብቱን ትቶ ይቀር ነበር። ብሩም በ1828 ዓ.ም. በምክር ቤት ቆሞ ስለ ሕግ መሻሻል ስድስት ሰዓት ያህል ተናገረ። ሎርድ ቻንስለር ሆኖም የአካባቢ ፍርድ ቤቶች እንዲቋቋሙ የሕግ ረቂቅ አቀረበ፤ ዳሩ ግን በ1833 ዓ.ም. የመኳንንቱ ምክር ቤት ጣለበት። ሐሳቡ ግን አልሞተም። በ1846 ዓ.ም. የአውራጃ ፍርድ ቤቶች ሕግ ወጣ፤ ችሎቶቹም እስከ 20 ፓውንድ የሚደርስ ክርክር እንዲዳኙ ተፈቀደ። ባለጉዳዩ ስለ በዛ በ1850 ዓ.ም. ሥልጣናቸው እስከ 50 ፓውንድ ከፍ አለ። ብሩም ይህን ሁሉ አይቶ በ1868 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር በካን ከተማ ሞተ። ከድኻው ደጅ የራቀ ፍርድ ከተከለከለ ፍርድ እንደማይለይ ሕይወቱ ያስተምረናል።