ዴቪድ ቤንኪ፦ የአብራሪዎችን እንጀራ በሕግ ያስከበረው ሰው

ጊዜው እ.ኤ.አ. የካቲት 1932 ነው። አሜሪካ በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ውስጥ ትገኝ ነበር። በቺካጎ አውሮፕላን ማረፊያ መንገደኞቻቸውን በሰላም አድርሰው የወረዱ አብራሪዎችን የተቀበሏቸው የታጠቁ ጠባቂዎች ነበሩ። ከፊታቸው የቀረበላቸው ወረቀት ደመወዛቸውን በእጅጉ የሚቀንስ አዲስ የሥራ ውል ነው። የፈረመ ይቀጥላል፤ ያልፈረመ ይሰናበታል። ሥራ አጥ አብራሪ በበዛበት በዚያ ዘመን፣ ከሃያ የሚበልጡት የሴንቸሪ አየር መንገድ አብራሪዎች አንፈርምም ብለው ወጡ።

ብቻቸውን ግን አልነበሩም። ከጀርባቸው አንድ ዓመት ያልሞላው ማኅበርና በግትርነቱ የታወቀ አንድ ሰው ቆመው ነበር። ሰውዬው ዴቪድ ቤንኪ ይባላል።

ቤንኪ እ.ኤ.አ. በ1897 በዊስኮንሲን ግዛት ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። ገና በወጣትነቱ ከእርሻው ወጥቶ ወደ ጦር ሠራዊት ገባ፤ በዚያም መብረር ተማረ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወቅት ሌሎችን ለማስተማር በቃ። ጦርነቱ ሲያበቃ እንደ ብዙዎቹ የዘመኑ አብራሪዎች በቺካጎ አካባቢ በአየር ላይ ትርዒትና በልዩ ልዩ የበረራ ሥራ ኑሮውን ገፋ። እ.ኤ.አ. በ1926 ኖርዝዌስት አየር መንገድ ፖስታ ማመላለስ ሲጀምር ከመጀመሪያዎቹ አብራሪዎች አንዱ ሆነ። ከዚያም በኋላ ዩናይትድ የተባለው ድርጅት አካል ወደሆነው ወደ ቦይንግ የአየር ትራንስፖርት ተዛወረ።

የዚያን ዘመን አብራሪ ሕይወቱን በእጁ ይዞ የሚሠራ ሰው ነበር። በጭጋግና በበረዶ ውስጥ የሚመራው መሣሪያ ጥቂት፣ የሚሞተው ባልንጀራው ብዙ ነው። የአየር ጠባዩን አይቶ አልበርም ያለ አብራሪ ሥራውን ሊያጣ ይችላል። ለቤንኪ የደመወዝና የደኅንነት ጥያቄ ሁለት አልነበረም። እንጀራውን ላለማጣት የሚፈራ አብራሪ፣ መብረር በማይገባው ሰዓት ይበራል ብሎ ያምን ነበር።

በዚህ እምነት እ.ኤ.አ. ሐምሌ 27 ቀን 1931 በቺካጎ ሞሪሰን ሆቴል ከተለያዩ አየር መንገዶች የተውጣጡ 24 አብራሪዎች ተሰብስበው የአየር መንገድ አብራሪዎችን ማኅበር መሠረቱ። ቤንኪም መሪያቸው ሆነ። በማኅበር መደራጀት ከሥራ ሊያስባርር ስለሚችል አስቀድሞ የነበረው ቅስቀሳ በምስጢር የተካሄደ ነበር። አባላቱም ከቃላቸው እንዳያፈገፍጉ ቀን ያልተጻፈበት የመልቀቂያ ደብዳቤ እየፈረሙ አስረከቡ። ማኅበሩ በዚያው ክረምት የአሜሪካ የሠራተኞች ፌዴሬሽን አባል ሆነ። ራሳቸውን እንደ ልዩ ባለሙያ እንጂ እንደ ሠራተኛ ለማያዩት አብራሪዎች ይህ ቀላል ውሳኔ አልነበረም።

የመጀመሪያው ፈተና የመጣው ከሴንቸሪ ነው። ይህ አየር መንገድ ቺካጎን ከሴንት ሉዊስ፣ ከዲትሮይትና ከክሊቭላንድ የሚያገናኝ የአካባቢው አጓጓዥ ነበር። ባለቤቱ የአውቶሞቢል ነጋዴው ኤሬት ኮርድ ሲሆን፣ ዓላማው ዋጋ ሰብሮ ከባቡር ጋር መወዳደር ነበር። ይሁን እንጂ በዚያ ዘመን አየር መንገድን በእግሩ የሚያቆመው የመንገደኛ ቲኬት አልነበረም፤ ከመንግሥት ጋር የሚገባ የፖስታ ማመላለሻ ውል ነው። ኮርድ ይህን ውል አላገኘም። ለማግኘት ሲል ፖስታውን ሌሎቹ ከሚከፈላቸው እጅግ ባነሰ ዋጋ እንደሚያመላልስ ለመንግሥት ሐሳብ አቀረበ። ያ ርካሽ ዋጋ ከየት ይመጣል ቢባል፣ መልሱ በቺካጎ አውሮፕላን ማረፊያ ለአብራሪዎቹ በቀረበው ወረቀት ላይ ተጽፎ ነበር።

ቤንኪ ነገሩ የአንድ አየር መንገድ ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ ተረዳ። ኮርድ በርካሽ ጉልበት ውሉን ካገኘ ሌሎቹም ይከተሉታል። ስለዚህ የቺካጎን የሠራተኛ ማኅበራት ከጎኑ አሰለፈ፤ ክርክሩንም እስከ ዋሽንግተን ወሰደው። በምክር ቤቱ ውስጥ የኒው ዮርኩ ተወካይ ፊዮሬሎ ላጓርዲያ የኮርድን አሠራር አጥብቀው አወገዙ። የፖስታ ውሉ ሕልም ተጨናገፈ፤ እ.ኤ.አ. በ1932 ጸደይ ኮርድ ሴንቸሪን ለሌላ ድርጅት ሸጠ። ማኅበሩ በመርሕ ደረጃ አሸነፈ፤ ነገር ግን ለሥራቸው ሲሟገቱ የነበሩት አብራሪዎች የሚመለሱበት አየር መንገድ ከእንግዲህ አልነበረም። ቤንኪ ከዚህ የተማረው በአድማ ብቻ የሚገኝ ድል ምን ያህል ስስ እንደሆነ ነው። ከዚያ ወዲህ ዓይኑን ወደ ሕግ አዞረ።

እ.ኤ.አ. በ1933 ዋና ዋናዎቹ አየር መንገዶች የአብራሪውን ክፍያ በሰዓት ብቻ ለማስላት ተስማሙ። ላይ ላዩን ሲታይ ምክንያታዊ ይመስላል። ሆኖም በዚያው ዓመት ፈጣኑ ቦይንግ 247 አገልግሎት ጀምሯል። ቀድሞ ብዙ ሰዓት ይፈጅ የነበረውን መንገድ በአጭር ጊዜ የሚጨርስ አብራሪ፣ ብዙ መንገደኛ በፍጥነት እያደረሰ ደመወዙ ይቀንስበታል። ከአዲሱ አውሮፕላን የሚገኘው ትርፍ ሁሉ ለኩባንያው ይሆናል ማለት ነው። ቤንኪ ክፍያው የተጓዙበትን ርቀትም እንዲያካትት ጠየቀ፤ በመላ አገሪቱ አድማ እንደሚጠራም አስጠነቀቀ። ጉዳዩ ወደ ብሔራዊ የሠራተኛ ቦርድ ሄደ።

ክርክሩ ሳይቋጭ እ.ኤ.አ. የካቲት 1934 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት፣ የፖስታ ውሎቹ አሰጣጥ ተጭበርብሯል በሚል የአገር ውስጡን ውሎች በሙሉ ሰረዙ። ፖስታውን የጦር አየር ኃይሉ እንዲያመላልስ ታዘዘ። ለሌሊትና ለክረምት በረራ ያልተዘጋጁት የጦር አብራሪዎች በሳምንታት ውስጥ ብዙ አደጋ ደረሰባቸው፤ አሥራ ሁለቱ ሕይወታቸውን አጡ። በሌላ በኩል ውል ያጡት አየር መንገዶች አብራሪዎቻቸውን መቀነስ ጀመሩ። አንድ ፊርማ ሲሰረዝ የስንት ሰው ጓዳ እንደሚጎድል በዚያ ሰሞን ታየ።

የአየር መንገድ ኃላፊዎችና ዝነኛው አብራሪ ቻርልስ ሊንድበርግ ፕሬዚዳንቱን ሲቃወሙ፣ ቤንኪ ከሩዝቬልት ጎን ቆመ። የገዛ አባላቱ ሥራ አደጋ ላይ ሳለ ይህን ማድረጉ ድፍረት የሚጠይቅ ነበር። ስሌቱ ግን ግልጽ ነው፤ አዲስ የፖስታ ሕግ መውጣቱ ካልቀረ፣ የአብራሪው መብት በውስጡ መጻፍ አለበት።

እንዳሰበውም ሆነ። እ.ኤ.አ. ግንቦት 1934 የሠራተኛ ቦርዱ 83ኛ ውሳኔውን አሳለፈ። የአብራሪ የበረራ ጊዜ በወር ከ85 ሰዓት እንዳይበልጥ ተወሰነ፤ ክፍያውም መነሻ ደመወዝን፣ ሰዓትንና ርቀትን ያጣመረ ሆነ። በቀጣዩ ወር የወጣው የአየር ፖስታ ሕግ ደግሞ የመንግሥትን ውል የሚፈልግ አየር መንገድ ሁሉ ይህን ውሳኔ እንዲያከብር አስገደደ። ትናንት የአብራሪውን ደመወዝ ለመቁረጥ ምክንያት የነበረው የፖስታ ውል ዛሬ ጠባቂው ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1936 የባቡር ሠራተኞች የሥራ ክርክር ሕግ ለአየር መንገዶችም እንዲያገለግል ተደረገ፤ በ1939ም ማኅበሩ የመጀመሪያውን የሥራ ስምምነት ከአሜሪካን አየር መንገድ ጋር ተፈራረመ።

ከጦርነቱ በኋላ ግን ዘመኑ ተለወጠ። እ.ኤ.አ. በ1946 ባለ አራት ሞተር አውሮፕላኖች ክፍያ ያስነሳው ክርክር የቲ ደብሊው ኤ አብራሪዎችን ለአድማ አበቃ። እ.ኤ.አ. በ1948 ደግሞ በናሽናል አየር መንገድ የአንድ አብራሪ መባረር ያስነሳው አድማ አሥር ወር ገደማ ቆየ። ኩባንያው በአድማተኞቹ ወንበር ሌሎችን ቀጥሮ በረራውን ስለቀጠለ፣ ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ አብራሪዎች ያለ ደመወዝ ወራት ቆጠሩ። አድማው ያበቃው በዓመቱ ማብቂያ አካባቢ ነው፤ ወደ ሥራቸው የተመለሱትም ቦታቸውን ከያዙት ጋር በቅሬታ መተያየታቸው አልቀረም።

ቤንኪም እየደከመ ሄደ። ሁሉን በራሱ እጅ መያዝ የለመደ ሰው ነበር፤ ማኅበሩ ግን በአንድ ሰው እጅ ከሚያዝበት መጠን አልፎ አድጓል። የሥራ ስምምነቶች ሳይቋጩ ይዘገዩ ጀመር፤ ወጣት አብራሪዎችም ትዕግሥታቸው አለቀ። እ.ኤ.አ. በ1951 የመሠረተው ማኅበር ከመሪነቱ አነሣው። ሕይወቱን ሙሉ የሌሎችን ከሥራ መባረር ሲሞግት የኖረው ሰው የራሱን መነሣት በፍርድ ቤት ተከራከረ፤ አልተሳካለትም። ብዙም ሳይቆይ እ.ኤ.አ. በ1953፣ ስድሳ ዓመት ሳይሞላው አረፈ።

ዛሬ በአሜሪካ ያሉ አብዛኞቹ አነስተኛ የክልል አየር መንገዶች ለትልልቆቹ በውል የሚበሩ ናቸው። ትልቁ ውሉን ለሌላ ሲያዞር የትንሹ አብራሪ ደመወዙን ዝቅ እንዲያደርግ ይጠየቃል፤ አለዚያ መንገዱን ያጣል። ቤንኪ በ1932 ቺካጎ ላይ የገጠመው ጥያቄ ይኸው ነው። የእሱ መልስ አንድ ነበር፤ ከላይ ያሉት ሲዋዋሉ በመሪው ላይ የተቀመጠው ሰው ጥቅም ከውሉ ውጭ መቅረት የለበትም። ይህን በሕግ አጻፈ፤ የአብራሪዎቹ ማኅበርም ዛሬ ድረስ ሥራውን ቀጥሏል።