ተመላላሹ ተማሪና አዳሪው ትምህርት ቤት፦ የኦርድ ዊንጌት ሕይወትና በአዲስ አበባ የቀረው ስሙ

ከቤቴል ተነሥቶ በኮልፌ በኩል ወደ ሰሜን ለሚጓዝ የአዲስ አበባ ነዋሪ ዊንጌት በቅድሚያ የሠፈርና የታክሲ መዳረሻ ስም ነው። ስሙ ወደ ሠፈሩ የመጣው ግን በትምህርት ቤት በኩል ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ የኦርድ ቻርልስ ዊንጌትን ሕይወት ከተማሪነት እስከ ጎጃም ዘመቻ በመከተል፣ አንድ የጦር መኮንን የትምህርት ቤት መጠሪያ የሆነበትን መንገድ ይመረምራል።

ዊንጌት እ.ኤ.አ. በ1903 በሕንድ፣ ናይኒ ታል፣ ጥብቅ ፕሮቴስታንታዊ እምነት ከነበረው የወታደር ቤተ ሰብ ተወለደ። እ.ኤ.አ. በ1916 ቻርተርሃውስ ገባ። ይህ የግል ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1611 በለንደን፣ በአንድ ጥንታዊ ገዳም ይዞታ ላይ ተመሥርቶ በ1872 ወደ ጎዳልሚንግ የተዛወረ ነው። ሥርዐቱ በአዳሪነት ላይ የቆመ በመሆኑ የተማሪዎቹ ወዳጅነትና ማዕረግ የሚገነባው በማደሪያና በስፖርት ሜዳ ነበር። ዊንጌት ግን ከወላጆቹ ቤት የሚመላለስ ተማሪ ስለነበር ከዚህ ማኅበራዊ ሕይወት ውጭ ቀረ። በቤቱ ያገኘው የመጽሐፍ ቅዱስ ንባብና በራስ የመተማመን ልማድ ነው። በኋላ ከአለቆቹ ጋር ያጋጨውን ጠባይ በዚህ ብቻ መተንተን ባይቻልም፣ የመደቡን ልማድ ከዳር ሆኖ የማየት ዝንባሌው ከዚህ ዘመን ጋር የሚስማማ ነው።

ከዉልዊች የጦር አካዳሚ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1923 የመድፈኛ መኮንን ሆነ። እ.ኤ.አ. ከ1928 እስከ 1933 በሱዳን መከላከያ ጦር ሲያገለግል የኢትዮጵያን ጠረፍ ዐወቀ፤ በ1938 ደግሞ በፍልስጥኤም የሌሊት ውጊያ ጓዶችን አደራጀ።

በኅዳር 1933 ዓ.ም. በአውሮፕላን ጎጃም ገብቶ፣ ቀድሞ የገባውን ኮሎኔል ዳንኤል ሳንፎርድን በፋጉታ አገኘ። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በኦሜድላ ድንበሩን ተሻገሩ። ዊንጌት የመራው፣ በመጽሐፍ ቅዱሱ ጌዴዎን ስም የተጠራው ጦር መደበኛ ወታደሮቹ 2,000 የማይሞሉ ሲሆኑ፣ በብዙ እጥፍ የሚበልጠውን የጣሊያን ሠራዊት ከቡሬና ከደብረ ማርቆስ እንዲለቅ አስገደደ። ይህ የሆነው ግን በደባ፣ በፍጥነትና በሌሊት ጥቃት ብቻ አይደለም። እንደ ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬና ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ ያሉ መሪዎች የነበሯቸው የጎጃም አርበኞች፣ ባለፉት ዓመታት ተጋድሏቸው ጠላትን በየምሽጉ ወስነውት ነበር። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ሲገቡ ዊንጌት አብሮ ነበር።

ከድሉ በኋላ ዕድሉ ተገለበጠ። ከኢትዮጵያ ተጠርቶ ማዕረጉ ወደ ሻለቃነት ዝቅ አለ። በወባ ታምሞና ተስፋ ቆርጦ በሐምሌ 1941 እ.ኤ.አ. በካይሮ ራሱን ለማጥፋት ሞክሮ ተረፈ። በኋላ በበርማ ከጃፓን ጦር ጀርባ የሚዋጋውን የቺንዲት ኃይል መራ፤ መጋቢት 15 ቀን 1936 ዓ.ም. በሜጀር ጄኔራልነት ማዕረግ ሳለ በሰሜን ምሥራቅ ሕንድ በአውሮፕላን አደጋ ሞተ።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1946፣ በብሪቲሽ ካውንስል ድጋፍ በአዲስ አበባ የተከፈተው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በስሙ ተጠራ። በልጅነቱ ከአዳሪዎች ማኅበር ውጭ የቀረው ሰው፣ ከየጠቅላይ ግዛቱ የመጡ ወጣቶች በአንድ ማደሪያ ለሚኖሩበት አዳሪ ትምህርት ቤት መጠሪያ ሆነ። ከተማሪዎቹ አንዱ የኋላው ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ነበሩ። ተቋሙ ዛሬ ፖሊቴክኒክ ኮሌጅ ሆኖ ስሙን ይዟል።

ስያሜው የአንድን መኮንን የጥቂት ወራት አገልግሎት በከተማዪቱ ካርታ ላይ አጽንቷል። መንገዱን ለጠረጉለት አርበኞች የአምስት ዓመት ተጋድሎ ግን በዚያው ስም ውስጥ ቦታ አልተገኘም። ስለዚህ የትምህርት ቤቱን ታሪክ የሚያጠና ተመራማሪ ስሙን ከዘመቻው ሙሉ ታሪክ ጋር አጣምሮ ሊያነበው ይገባል።