ኮሊን ቻፕማንና የክብደት ሒሳብ

ኮሊን ቻፕማን እ.ኤ.አ. በ1928 በእንግሊዝ አገር ተወለደ። በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ምሕንድስና በሚማርበት ዘመን፣ በኋላ ባለቤቱ በሆነችው በሄዝል ወላጆች ቤት ጓሮ፣ በአንዲት ጠባብ ጋራዥ ውስጥ፣ አሮጌ ኦስቲን ሰቨን በትርፍ ጊዜው ይፈታታ ጀመር። ሻሲውን አጠናከረ፤ የቀድሞውን ቦዲ አንሥቶ በአሉሚኒየም በተለበጠ ኮምፔንሳቶ ተካው። በ1948 የተጠናቀቀችው ይህች መኪና የመጀመሪያዋ ሎተስ ናት።

ቻፕማን ከሞተር ጉልበት ይልቅ በክብደት ቅነሳ ያምን ነበር፤ ቀላል መኪና ለመነሣት፣ ለመታጠፍም ሆነ ለመቆም አይቸገርምና። በ1957 የወጣችው ሎተስ ሰቨንም ገዢው በቤቱ እንዲገጣጥማት ተበታትና ትሸጥ ነበር። በ1962 በሎተስ 25 የቧንቧውን ሻሲ አስቀርቶ ቀፎው ራሱ ጭነቱን እንዲሸከም አደረገ።

በሎተስ 72 ደግሞ ከጎማዎቹ ጋር አብሮ ወደ ላይና ወደ ታች የሚንቀሳቀሰውን ክብደት ለመቀነስ የፊት ፍሬኑን ወደ መኪናው አካል ስቦ በዘንግ አገናኘው። በ1970 በሞንዛ ልምምድ ላይ ዘንጉ ተሰበረ፤ መኪናዋም በሚገባ ካልተተከለ የመንገድ አጥር ጋር ተጋጭታ ነጂው ዮኸን ሪንት ሞተ።

ቻፕማን በ1982፣ በ54 ዓመቱ ሲያርፍ፣ መኪኖቹ ሰባት ጊዜ የፎርሙላ ዋን የአምራቾች ሻምፒዮና ሆነው ነበር። ትርፍ ክብደትን ማስወገድና የደኅንነት መጠባበቂያን መቀነስ የተለያዩ መሆናቸውን ግን መሐንዲሱ ከዚያች ዘንግ ይማራል።