ኤፍኤም ሬዲዮን የሰጠን ሰው፦ ኤድዊን አርምስትሮንግ

ስልካችን ላይ ኤፍኤም ከፍተን ጥርት ያለ ድምፅ ስንሰማ ከጀርባው ያለውን ሰው ስንቶቻችን እናውቀዋለን? ኤድዊን ሃዋርድ አርምስትሮንግ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1890 ኒው ዮርክ ውስጥ ተወለደ።

ገና በ1912፣ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ፣ ከሩቅ የሚመጣን ደካማ የሬዲዮ ሞገድ የሚያጎላ መላ አገኘ። ችግሩ ግን ድምፁ ሲጎላ ጫጫታውም አብሮ ይጎላል! በክረምት ባሮ ዳር ሆኖ ኤኤም ወይም አጭር ሞገድ የከፈተ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ መብረቅ ብልጭ ባለ ቁጥር ሬዲዮው ይንጫጫል።

ለምን? በኤኤም ድምፁ የሚጫነው በሞገዱ ጉልበት ላይ ነው። መብረቅም የሚረብሸው ይህንኑ ጉልበት ስለሆነ ሬዲዮው የቱ ወሬ የቱ ጫጫታ እንደሆነ አይለይም። አርምስትሮንግ ነገሩን ገለበጠው። ጉልበቱ ሳይለወጥ፣ ድምፁን በሞገዱ ድግግሞሽ (ፍሪኩዌንሲ) ላይ ጫነው። መቀበያው የጉልበቱን መዋዠቅ ቆርጦ ሲጥል ጫጫታው አብሮ ይወገዳል። ኤፍኤም ማለት ይኸው ነው፤ የፈጠራ መብቱን በታኅሣሥ 1933 አገኘ።

ኤፍኤምም ግን ወሰን አለው። ከጋምቤላ ከተማ ወደ ኢታንግ እየራቅን ስንሄድ ሞገዱ ይደክማል፤ ከተወሰነ መጠን በታች ሲወርድ "ሽሽሽ" የሚለው ድምፅ በአንዴ ይውጠዋል። ያኔ ስቴሪዮውን ወደ ሞኖ መቀየር ጫጫታውን በደንብ ይቀንሰዋል። የጆሮ ማዳመጫው ገመድ ለስልኩ አንቴና ስለሆነ፣ ዘርግቶ መያዝም ይረዳል።

አርምስትሮንግ ግን የልፋቱን ፍሬ በቅጡ አላየም። ወዳጁ ዴቪድ ሳርኖፍ የሚመራው ግዙፉ አርሲኤ ኩባንያ ፊቱን ወደ ቴሌቪዥን አዞረ። በ1945 የአሜሪካ መንግሥት የኤፍኤምን የሞገድ ክልል ሲያዛውር ደግሞ ቀድሞ የተሸጡት መቀበያዎች ከጥቅም ውጪ ሆኑ። በ1948 አርሲኤን ከሰሰ። ክርክሩ ዓመታት ፈጀ፣ ገንዘቡን ጨረሰ፣ ትዳሩንም አናጋ። በ1954 መጀመሪያ ላይ፣ በ63 ዓመቱ፣ ሕይወቱን በገዛ እጁ አጠፋ።

በአንድ ወቅት የሳርኖፍ ጸሐፊ የነበረችው ባለቤቱ ማሪዮን ግን እጅ አልሰጠችም። ከአርሲኤ ጋር በዚያው ዓመት በ1 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ታረቀች፤ ሌሎቹን ኩባንያዎች እየተከራከረች የመጨረሻውን ድል በ1967 አገኘች። የኤፍኤም ባለቤት ማን እንደሆነ በሕግ የተረጋገጠው እሱ ካለፈ ከ13 ዓመት በኋላ ነው።